ሒልዳ ኦርመሮድ እና በስምምነት የደረቀው መስክ

ሒልዳ ኦርመሮድ በክራግሾ መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አደለች። ቦርሳውን ያስቀመጠችው ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው፤ አፏ ግን እስከ ዛሬ ጡረታ አልወጣም። የማን ውሻ ቁርጭምጭሚት እንደሚወድ፣ የማን ባል ከሚስቱ ቀድሞ ፖስታ ለመቀበል በር ላይ እንደሚቆም፣ የትኛዋ መበለት የማይመጣ ደብዳቤ እንደምትጠብቅ ታውቃለች። ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ግን የመንደሩን ውሃ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በየማለዳው ቦርሳ ተሸክሞ የተመላለሰ ሰው ውሃው የት እንደሚተኛ፣ በየት በኩል ሾልኮ እንደሚወጣ፣ መቼ እየቀለደ መቼ ደግሞ የምሩን እንደሆነ እግሩ ይነግረዋል።

ሰው ሁሉ ቁጡ ናት ይላታል። እውነቱን ነው። እኛ ስንናደድ ቤታችን ገብተን ለድመታችን የምንናገረውን እሷ እዚያው፣ ለባለቤቱ፣ ፊት ለፊት ትናገራለች። አንድ ጊዜ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ጎርፍ በመጣ ቀን ወደ ቴንተር ረድፍ እንዳትሄድ፣ አድራሻውም «የማይደረስበት» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዘ። «የማይደረስበትስ ያንተ ጭንቅላት ነው» አለችው። ከዓሣ አጥማጅ ጎረቤቷ ቦቲ ጫማ ተዋሰች፣ እስከ ጭኗ ውሃ ውስጥ ገባች፣ ሦስት ደብዳቤና አንድ የልደት ካርድ አድርሳ ተመለሰች። ካርዱ የኤዲ ሃዋርዝ ነበር። ኤዲ በመስኮት ተቀብላት፣ ውሃው ምድጃዋ ሥር እየተንቦጫቦጨ፣ «ገባ ብለሽ አረፍ አትዪም እንዴ?» አለቻት። ወዳጅነታቸው ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ቴንተር ረድፍ ብላክ ብሩክ በሚባለው ትንሽ ወንዝ ዳር ተያይዘው የተሠሩ አሥራ አንድ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ከበላያቸው ሎንግ ሆልም የሚባል ሰፊ መስክ አለ። ወንዙ ሲሞላ መስኩ ውሃውን ይጠጣል፤ አንድ ሳምንት የዳክዬ ሐይቅ ሆኖ ይሰነብትና ቀስ ብሎ ይለቀዋል። መስኩ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲበቃው የተረፈው ወደ ረድፉ ይወርዳል። ከአሥር ዓመት በፊት በገና ማግስት እንደዚያ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኤዲንና ባሏን ዋልተርን በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል በጀልባ አወጧቸው። ዋልተር ሳንባው የታመመ ሰው ነበርና ብርዱ ጨረሰው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ኤዲ ግድግዳው ሲደርቅ ተመልሳ ገባች። ሌላ መሄጃ የላትም፤ ቢኖራትም አትሄድም። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ አንድ የቤት ሠሪ ኩባንያ ሎንግ ሆልምን አፈር ደልድዬ፣ ከፍ አድርጌ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ቤት ልሥራበት ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ የሒልዳ ጥያቄ አንድና አንድ ብቻ ነበር። መስኩ ሲጠጣው የኖረውን ውሃ ከእንግዲህ ማን ይጠጣው? ኤዲ?

የወረዳው ምክር ቤት ማመልከቻውን በሦስት ምክንያቶች ውድቅ አደረገው፤ የአካባቢው ገጽታ ይበላሻል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎርፍ ያሰጋል። ሰው መጠጥ ቤት ገብቶ ጨፈረ። ኩባንያው ግን በሳምንታት ውስጥ ይግባኝ አለ። እንዲህ ያለ ትልቅ ማመልከቻ ይግባኝ ሲባልበት መንግሥት አንድ መርማሪ ይልካል። መርማሪው መንደራችን አዳራሽ ውስጥ ተሰይሞ የኩባንያውን ጠበቃ፣ የምክር ቤቱን ጠበቃ፣ ምሁራኑንና ነዋሪውን ይሰማል፤ ቦታውን በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ ይወስናል። ወረቀት ላይ ሲነበብ እንዴት ደስ ይላል! ማንኛውም ሰው መጥቶ መናገር ይችላል ይላል የጥሪው ደብዳቤ። ሒልዳም አመነች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረ ጫንቃ አላት፤ እንዲያም ሆኖ አመነች።

ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጀች። ፖስታ በምታድልበት ዘመን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ «ሆልም ሞልቷል»፣ «ረድፉ እስከ ደረጃ»፣ «ረድፉ አይገባም» እያለች ትጽፍ ነበርና የሠላሳ አንድ ዓመቱን ለቅማ በንጹሕ ገለበጠችው። ጠበቃው ምስክሩን በጥያቄ ያፋጥጣል ስለተባለም ልምምድ ጀመረች። ጠበቃ ሆኖ የሚያፋጥጣት የተቃውሞ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር በርናርድ ሆልት ነው። በርናርድ ጡረታ የወጣ ፒያኖ ቃኚ ሲሆን ከጨዋነቱ ብዛት ተርብ ሲነድፈው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ሚስስ ኦርመሮድ፣ እርስዎ የውሃ መሐንዲስ ነዎት?» አላት በርናርድ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቃ ለመምሰል እየሞከረ።

«አይደለሁም። አንተስ ካልሲህ ረጥቦ ያውቃል?»

«ሒልዳ፣ እንደሱ አይባልም።»

«ለምን አይባልም? ጥያቄ እኮ ነው።»

«ጠያቂው እሱ ነው። አንቺ መላሽ ነሽ። ስትመልሺም ወደ መርማሪው ዞረሽ ‹ጌታዬ› እያልሽ ነው።»

«የሚጠይቀኝ አንዱ፣ የምመልስለት ሌላው? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?»

«ሥርዓቱ ነው።»

«ሥርዓቱን ጅብ ይብላው» አለች፤ ግን ተማረች። ድምፅዋን ሳትጨምር መመለስን፣ ‹ጌታዬ› ማለትን፣ ስትናደድ ጥርሷን ነክሳ እስከ አምስት መቁጠርን ተማረች። እንደ ሒልዳ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀን ስንት እንደቆጠረች በርናርድ ቢጠይቃት «አርባ ሁለት» አለችው።

ጉባኤው የተከፈተው በሰኔ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከመቶ የሚበልጥ ፋይል እንደ ጡብ ተደርድሯል። ከሰባ የማያንስ የመንደር ሰው የተቀመጠው በታጣፊ ወንበሮች ላይ ነበር። መርማሪው ሚስተር ሌድሊ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ የሱፍ ክራባት ያሰሩ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ። ክፉ ሰው አይመስሉም። ክፉ ቢመስሉ ኖሮ ይሻል ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ክርክር የሚሰሙባቸውን ነጥቦች አነበቡ፤ አንደኛ የአካባቢው ገጽታ፣ ሁለተኛ መንገዱ።

«በጎርፍ ረገድ ያለውን ጉዳይ በተመለከተ» አሉ ገጹን ገልበጥ አድርገው፣ «ኩባንያውና ምክር ቤቱ የስምምነት ሰነድ ስለፈረሙ ምስክር አልሰማበትም።»

ሒልዳ የሰማችውን ማመን አቃታት። ወደ በርናርድ ጎንበስ አለች።

«ምን አለ?»

«ተስማምተዋል ነው የሚሉት።»

«ማን ከማን ጋር?»

«ምክር ቤቱ ከኩባንያው ጋር። ባለፈው ሳምንት ድረ ገጽ ላይ ለጥፈውታል አሉ። ሰነድ ቁጥር መቶ አርባ ሰባት።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«እኔ መቶ ሃያ ድረስ ነው ያነበብኩት» አለ በርናርድ፣ ፊቱ ቀልቶ።

ተስማምተዋል! ነገሩ በኋላ ሲጣራ እንዲህ ነው። ኩባንያው በኮምፒውተር የተሠራ የጎርፍ ጥናት አቀረበ፤ ጥናቱ መስኩ ግርጌ አንድ ኩሬ ከተቆፈረ ውሃው ሁሉ ሰተት ብሎ እዚያ ይገባል ይላል። ጥናቱን መርምሮ ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም ማለት የሚችለው የምክር ቤቱ የውሃ መሐንዲስ ደግሞ በየካቲት ሥራ ለቋል፤ በቦታውም ሰው አልተቀጠረም። የሚመረምር ሰው ስለሌለ ምክር ቤቱ ተስማማ። ቴንተር ረድፍን በካርታ ካልሆነ አይተውት የማያውቁ ሁለት ወገኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሎንግ ሆልምን በፊርማ አደረቁት። ሥራው ሕጋዊ ነው። ዓይን ያወጣ ነገር ሁሉ ሕገወጥ ነው ያለው ማነው?

መርማሪው ቀና ብለው አዳራሹን አዩ። «ከመጀመራችን በፊት፣ ካነበብኳቸው ነጥቦች ውጪ ልሰማው ይገባል የምትሉት ነገር ያላችሁ አላችሁ?»

የኛ በሽታ የታየው እዚህ ላይ ነው። ዓርብ ዕለት መጠጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሲደልቁ፣ «እስኪ ይሞክሩንና!» ሲሉ የነበሩ ሰባ ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ የጫማቸውን ማሰሪያ መመርመር ያዙ። ክራግሾ ውስጥ ሰው ፊት ተነስቶ መናገር ነውር ነው፤ ከመስመጥ የባሰ ነውር። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ያም ያኛውን፤ ሁሉም «ከኔ የተሻለ የሚናገር አለ» ብሎ ቦታውን በጨዋነት ይለቃል። በጨዋነት ስንለቅ ስንለቅ ነው ባቡር ጣቢያችንም፣ ክሊኒካችንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የነበረው አውቶቡስም የሄደው። ይህን የምጽፈው እኔም አራተኛው ረድፍ ላይ ጫማዬን ሳይ ነበር።

ሒልዳ ተነሳች።

«እኔ አለኝ፣ ጌታዬ። ውሃ።»

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ሒልዳ ኦርመሮድ። ፖስታ አዳይ የነበርኩ።»

«ሚስስ ኦርመሮድ፣ እንደገለጽኩት በዚህ ነጥብ ዋናዎቹ ወገኖች ተስማምተዋል።»

«ውሃውንስ ጠይቀውታል፣ ጌታዬ? እሱም ፈርሟል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጫማ ስናይ የነበርነው ሁሉ ስንስቅ ጎበዞች ነን። የምክር ቤቱ ተወካይ ሚስተር ክሮስሌይ ብቻ እስክርቢቶውን ከፍቶ መልሶ ዘጋ። መርማሪው አልሳቁም። ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው «ሐሙስ ጠዋት። አሥር ደቂቃ» አሏት።

ሠላሳ አንዱን ዓመት ለአሥር ደቂቃ እንዲሆን አድርጋ መከርከም ነበረባት። ቆረጠች፣ ቆረጠች፣ ረቡዕ ማታ የቀራት አራት ገጽ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የምስክሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊ ኮቷን ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች። ፊት ለፊቷ የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር አሽኮምብ ተቀምጠዋል፤ ሽበታቸው የሚያበራ፣ ቀለማቸው የተለያየ ሦስት እስክርቢቶ ጎን ለጎን የደረደሩ ሰው። ሒልዳ ዘጠኝ ደቂቃ ተናገረች። ውሃው የሚተኛበትን፣ የሚሾልክበትን፣ በየትኛው ዓመት የት እንደደረሰ በቀንና በወሩ አስረዳች። ኩባንያው ኩሬ እቆፍርበታለሁ የሚለው ቦታ ወንዙ ሲሞላ ከሁሉ ቀድሞ የሚዋጠው ቦታ እንደሆነ ተናገረች፤ የሞላ ነገር ውስጥ ሌላ እንዴት ይጨመራል? በመጨረሻም ስለ ዋልተር ሃዋርዝ ተናገረች።

ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። የጠበቀችው ጠበቃውን ነው። ሁለት ወር የተዘጋጀችው ለዚህች ሰዓት ነው። መሐንዲስ ነዎት ይበላት፣ ማስታወሻዎን ማን አረጋገጠው ይበላት፣ የፈለገውን ይበላት፤ መልሱ ሁሉ አፏ ላይ ነው።

«ሚስተር አሽኮምብ፣ ጥያቄ አለዎት?» አሉ መርማሪው።

ሚስተር አሽኮምብ ከወንበራቸው ግማሽ ያህል ብድግ አሉ። «ጥያቄ የለኝም፣ ጌታዬ። ሚስስ ኦርመሮድን ከልብ አመሰግናለሁ።» መልሰው ተቀመጡ። ከሦስቱ እስክርቢቶ አንዱንም አልነኩም።

ሒልዳ ነገሩ አልገባትም። «ምንም?» አለች።

«መሄድ ይችላሉ፣ ሚስስ ኦርመሮድ» አሉ መርማሪው በትሕትና።

«ይጠይቀኝ እንጂ!»

«አይገደዱም።»

ያኔ ደሟ ፈላ። መቁጠሩም፣ ‹ጌታዬ›ውም፣ ልምምዱም ሁሉ ብን አለ። «ምስጋናህን ለራስህ ያዘው!» አለችው ጠበቃውን፣ ጣቷን ቀስራ። «ተቃወመኝ! ውሸታም በለኝ! ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ሰው ሞቷል እያለህ አመሰግናለሁ ትላለህ? ሻይ ያቀረብኩልህ መሰለህ?»

«ሚስስ ኦርመሮድ» አሉ መርማሪው፣ «እባክዎ። የተናገሩትን በሙሉ ጽፌዋለሁ።»

ውጪ በርናርድ ተከትሏት ወጣ። «ድንቅ ነበርሽ» አላት። «አየሽ፣ የሚጠይቀው ነገር አጣ።»

«አጣ? በርናርድ፣ አንተ መቼ ነው የምትነቃው?» አለች። «ነገሩ በስምምነት ተዘግቷል። እኔን ከጠየቀኝ ከፈተው ማለት ነው። ለምን ብሎ ይከፍታል? ሰውን የሚጠይቁት ከሰው ሲቆጥሩት ነው። እኔን እኮ እንደ አየር ነው ያለፈኝ።»

«አይዞሽ፣ ነገ የቦታው ጉብኝት አለ» አላት በርናርድ።

የቦታ ጉብኝቱ ዓርብ ከሰዓት ነበር። እንኳን ጎርፍ ጠል የማይታይበት ፀሐያማ ቀን ነው፤ ሎንግ ሆልም ቢጫ አበባ ለብሷል። መርማሪው መስኩ በር ላይ ቆመው ደንቡን አስታወቁ። ይህ ጉብኝት የጉባኤው ቀጣይ አይደለም። ማንም ክርክር ማንሳት አይችልም። ይህን ይዩልኝ ብሎ አንድን ነገር ማመልከት ይቻላል፤ ያ ዛፍ ነው፣ ይህ አጥር ነው ማለት ይቻላል። ነገሩ ለምን እንደሚጠቅም ወይም ለምን እንደሚጎዳ መናገር ግን ክልክል ነው። ከኩባንያው ወገን የመጣው የፕላን ባለሙያ አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጎ ነበር፤ መለያ ወረቀቷ ገና አልተላጠችም።

ሒልዳ ምላሷን ውጣ ተከተለች። እሷ ዕድሜዋን የረገጠችው መስክ ላይ የውጭ ሰዎች መሀል ሆና ዲዳ መሆን! ወንዙ መስኩን ሰብሮ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ አመለከተች።

«ያ ስብራት።»

መርማሪው አዩ፤ ጻፉ።

«ከሥሩ ያለው ቱቦ። ግማሹ የተደፈነው።»

«ጌታዬ» አለ ባለ አዲስ ቦቲው፣ «ወይዘሮዋ ክርክር እያነሱ ነው።»

«ቱቦ ነው ያልኩት! ቱቦ ክርክር ነው?»

«አነጋገራቸው ውስጥ ክርክር አለ፣ ጌታዬ።»

መርማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስስ ኦርመሮድ፣ እባክዎ ስሙን ብቻ።»

«ቱቦ» አለች ሒልዳ፣ ጥርሷን ነክሳ። እርር ድብን ብላ አለፈች።

ቴንተር ረድፍ ሲደርሱ አንድ ቤት ውስጥ ገብተው እንዲያዩ ጠየቀች፤ መርማሪው ፈቀዱ። ኤዲ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ሹራብ ለብሳለች፤ ትሪው ላይ ለእንግዳ የምታወጣቸው የሸክላ ስኒዎችና የተቆረሰ ኬክ አሉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ሻይ ደርሷል።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስስ ሃዋርዝ። መቀበል ግን አልችልም።»

«ሻይ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ፤ መርዝ አይደለም።»

«ደንቡ ነው። ከየትኛውም ወገን ምንም መቀበል አይፈቀድልኝም።»

«እኔ ወገን አይደለሁም» አለች ኤዲ ግራ ተጋብታ። «ኤዲ ነኝ።»

ሒልዳ በዓይኗ ዝም በይ አለቻት። ቀድማ ለምናት ነበር፤ አንዲት ቃል ስለ ዋልተር ከተናገርሽ ጉብኝቱን ያቋርጡታል ብላት ነበር። ኤዲም መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ እጆቿን አጣምራ፣ ጎበዝ ተማሪ ይመስል ጸጥ ብላ።

ሒልዳ ክፍሉን ቃኘች። ምን ታሳይ? ሐዘን አይታይም፣ ፍርሃት አይታይም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ዓይኗ አረፈ። ከጎርፉ በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬቶቹን ሁሉ ነቅሎ ትከሻ ድረስ ከፍ አድርጎ ተክሏቸዋል፤ የማንቆርቆሪያውና የመብራቱ ገመድ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቤቱ ምንጣፍ የለውም፣ ባዶ ድንጋይ ነው። ሶፋው አራት አራት ጡብ ላይ ተሰቅሏል፤ ኤዲ ለመቀመጥ እንደ ሕፃን ዘላ ነው የምትወጣው። አንዲት አሮጊት አሥር ዓመት እንዴት ስትሰጋ እንደኖረች ሌላ ምን ይናገራል?

«ሶኬቶቹ» አለች ሒልዳ፣ ጣቷን ቀስራ።

መርማሪው ቀረብ ብለው አዩ። ከወለሉ ያለውን ከፍታ በዓይናቸው ለኩ። ጻፉ።

«ወለሉ። ሶፋው የቆመበት ጡብ።»

ጻፉ። «ሁሉም ቤቶች እንደዚህ ናቸው?»

«ስምንቱ፣ ጌታዬ።»

ባለ ቦቲው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሒልዳ ይህን አየች፤ ልቧም ሞቀ። መርማሪው ወጥተው ሲሄዱ በርናርድን እጁን ይዛ ጨመቀችው። «አየ! ሰውየው አየ! ከአሥር ደቂቃ ንግግሬ ያቺ ጣቴ በለጠች!» በዚያ ሳምንት ለገጠማት ሰው ሁሉ ይህንኑ አወራች፤ ስቃ ስታወራም ነበር።

ውሳኔው የመጣው መስከረም ላይ ነው፤ ሠላሳ አራት ገጽ። በርናርድ አትሞ አመጣላት፤ ፊቱን አይታ አወቀች። ይግባኙ ተፈቅዷል። ኩባንያው ይሠራል። ሒልዳ ማልቀስ አልመጣላትም፤ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያደረገች፣ ውሃዋን ፈለገች። ገጽታው አሥራ አንድ ገጽ፣ መንገዱ ዘጠኝ ገጽ። የሷ አሥር ደቂቃ የተናጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ሆኗል፤ «ሚስስ ኤች ኦርመሮድ፣ የአካባቢው ነዋሪ»። ዋልተር የለም። ማስታወሻዎቿ የሉም። ቱቦው የለም። ከዚያ ስልሳ አንደኛው አንቀጽ ላይ ደረሰች፤ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄን እየው» አለች፣ ማስመሪያውን ከመስመሩ ሳታነሳ። «በርናርድ፣ ይሄን አንብቤ ነው ወይስ አብጄ ነው?»

«ስድስት ሳምንት አለን» አለ በርናርድ። «ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ግን ጠይቄ ነበር፣ መርማሪው ሕግ ስተው ከሆነ ነው እንጂ ፍርዱ ልክ አይደለም ብሎ መክሰስ አይቻልም አሉኝ። ምን ይደረግ፣ ሒልዳ። የቻልነውን አድርገናል።»

«የቻልነውን አላደረግንም! የቻልነውን አሳየናቸው፣ እነሱ ደግሞ የፈለጉትን አዩ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አንተም የቻልነውን አድርገናል እያልክ ቤትህ ገብተህ ፒያኖህን ቃኝ። ቤትህ ዳገት ላይ ነው!»

ይህን ማለት አልነበረባትም፤ ሰውየው መልካም ሰው ነው። ግን ውሸት አልተናገረችም። ኮቷን ደረበችና ወረቀቱን ይዛ ወደ ረድፉ ወረደች።

ኤዲ ሶፋዋ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር። የሒልዳን አረማመድ ሰምታ ነገሩን ሳታውቀው አልቀረችም።

«ፈቀዱላቸው?»

«ፈቀዱላቸው።»

«ስለኔ ቤት ያለው ነገር አለ?»

«አለ።»

«አንብቢልኛ፣ የኔ ፍቅር። ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የቆምሽው።»

ሒልዳ ቆማ አነበበች። «‹በጉብኝቴ ወቅት የቴንተር ረድፍ ቤቶች በአብዛኛው ከፍ ተደርገው የተተከሉ ሶኬቶች፣ ውሃ የማያበላሸው የድንጋይ ወለል እና ከወለል ከፍ ያሉ የቤት ዕቃዎች እንዳሏቸው ተመልክቻለሁ። ነዋሪዎቹ ጎርፍን በሚገባ የተላመዱ ናቸው። በመሆኑም ከመስኩ የሚተርፍ ውሃ ቢኖር እንኳ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጉዳት ውስን ነው።›»

የኤዲ እጅ ሹራቧ ቁልፍ ላይ ነበር፤ ትቆልፈዋለች፣ ትፈታዋለች።

«የተላመዱ» አለች በመጨረሻ። «ዋልተርም ተላምዶ ነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ ያሳየሁት፣ ኤዲ። እኔ ነኝ ጣቴን የቀሰርኩት።»

«አንቺ ነሽ» አለች ኤዲ፤ አይዞሽ አላለቻትም። በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ሰው ተቆጥታ የማታውቅ ሴት ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። «ዝም በይ አልሽኝ፣ ዝም አልኩ። እዚያ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር እኮ! ሰውየው ግድግዳውን ሲለካ፣ ጡብ ሲቆጥር፣ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ግድግዳውን ከምታሳዪው ምናለ እኔን ብታሳዪው ኖሮ?»

ሒልዳ ወረቀቱን አጣጠፈችው፤ እንደገና አጣጠፈችው፤ ከዚያ በላይ እስከማይታጠፍ ድረስ።

«ሰው ማሳየት አይቻልም፣ ኤዲ» አለች። «ደንቡ የሚፈቅደው ዕቃ ብቻ ነው።»